ሕግ የሚያስረው ማንን ነው?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት «እኛ» ብሎ ይጀምራል። እ፣ ኛ። ሁለት ፊደል ብቻ ናት። ጥቂት ወር የተማረ ሁሉ ያነባታል፤ እናንተም አሁን ታነቧታላችሁ። ነገር ግን ቃሏን ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ «እኛ የተባልነው እነማን ነን?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነው።

ንጉሡ አይደለም። ሚኒስትሩ አይደለም። የወረዳው አስተዳዳሪም አይደለም። «እኛ» የተባሉት የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው። የኪንዶ ዲዳዬ ገበሬ፣ ሃላሌ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ እናት፣ እንሰት የምትፍቅ ሴት፣ ዝንጅብሉን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ጎረምሳ፣ ሁሉም እዚያች «እኛ» ውስጥ አሉ። ሕጉን ያወጣነው እኛ ነን ይላል ጽሑፉ። ታዲያ ሕጉን የሚጠብቀው ማን ነው? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። «ሕገ መንግሥት» የሚለውን ለሁለት ክፈሉት። ሕግ፣ መንግሥት። የመንግሥት ሕግ ማለት ነው። ሌላው ሕግ ሌባውን፣ ተደባዳቢውን፣ ድንበር ገፊውን ይመለከታል። ሕገ መንግሥት ግን ከሁሉ በፊት የሚመለከተው መንግሥትን ራሱን ነው። መንግሥት ምን ማድረግ እንደሚችል ይነግረዋል፤ ምን ማድረግ እንደማይችልም ይነግረዋል። የጓሮ አጥር የጎረቤትን ከብት ከእንሰታችን ይከለክላል። ግን ባለቤቱም የኔ ነው የሚለው እስከዚያ አጥር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው ነው። ሕገ መንግሥትም እንደዚሁ ለሁለት ወገን የታጠረ አጥር ነው።

አባቶቻችን ሁለት አባባል ነበራቸው። አንዱ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። ገዢ የሆነ ሰው አይጠየቅም ማለት ነው። ሁለተኛው «በሕግ አምላክ!» የሚለው ነው። ይህ ቃል ሲነገር የተቆጣ ሰው ዱላውን ያወርድ ነበር፤ ጌታም ቢሆን ይቆም ነበር። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ እነዚህ ሁለት አባባሎች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንዱ ገዢውን ከሕግ በላይ ያደርገዋል፤ ሌላው ከሕግ በታች ያደርገዋል። እንደኛ እንደኛ የአገራችን ታሪክ ብዙው ክፍል የእነዚህ የሁለቱ ሙግት ነው።

ኢትዮጵያ እስካሁን አራት ሕገ መንግሥት አይታለች። የመጀመሪያው በ1923 ዓ.ም. የወጣው ነው። ያን ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው ሰጡት ተባለ። የተሰጠ ነገር ደግሞ የሰጪው ነው። ሁለተኛው በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ ወጣ፤ በዚያም ንጉሡ አይከሰሱም ነበር። ሦስተኛው በ1979 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ ጸድቆ በ1980 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ነው። ስለ ዜጎች መብትና ነፃነት የሚናገር ምዕራፍ ነበረው፤ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከመንግሥቱ ጋር ወደቀ። አራተኛው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀውና «እኛ» ብሎ የሚጀምረው ነው። በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን እየተባለ የሚከበረው በዚህ ምክንያት ነው። 106 አንቀጾች አሉት።

ልብ በሉ፤ ወረቀት ብቻውን አይጠብቅም። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና እናቶች ያስታውሱታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን አዋጅ ወጣ። አዋጅ ቁጥር 31 ይባላል። ጭሰኛና ባለርስት መባል ቀረ። ማንም አራሽ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንዲያገኝ ተወሰነ። ገበሬው በማኅበር ተደራጀ፤ የራሱን ፍርድ ሸንጎ መረጠ። ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የእኛ ታላላቆች የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጥተው ነበር። የአዋጁ መሠረተ ሐሳብ አጭርና ግልጽ ነው፤ ያረሰ ሰው የላቡን ፍሬ ይብላ።

በኋላ ምን ሆነ? ያው መንግሥት የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል አቋቁሞ በብዙ የአገራችን ክፍል በገበሬው ላይ ኮታ ጣለ። ይህን ያህል ኩንታል በዚህ ዋጋ ታስረክባለህ ተባለ። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፤ ከገበያው ዋጋም ያንስ ነበር። ምርቱ የከሰረበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። ፍየሉን ሸጦ እህል ይገዛል፤ የገዛውን እህል ደግሞ በፍየሉ ግማሽ ዋጋ ይሰጣል እንደማለት ነው። ገበሬው መብቱን እንዲያስከብሩለት የመረጣቸው የማኅበር መሪዎችም ኮታ ሰብሳቢ ሆኑ። ይህ አሠራር የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው። መሬት ለአራሹ ያለው አዋጅ በዚያ ሁሉ ዓመት አልተሻረም ነበር። ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው ወረቀቱ አልነበረም፤ የጎደለው «ይህ ከተባባልነው ውጭ ነው» ብሎ የሚያስቆም ሰው፣ ያን ሰው የሚሰማ ዳኛም ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ሕገ መንግሥት እንመለስ። አንቀጽ 9ን ፈልጉ። ሁለት ነገር ይላል። በመጀመሪያ፣ ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ ነው፤ ከእሱ ጋር የሚጋጭ ሕግም ሆነ ልማድ፣ የባለሥልጣን ውሳኔም ሆነ አሠራር፣ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ፣ ዜጋ ሁሉ፣ የመንግሥት አካልም ሁሉ፣ ባለሥልጣኑም ጭምር፣ ሕገ መንግሥቱን የማስከበርና ለእሱ ተገዢ የመሆን ኃላፊነት አለበት።

«ማክበር» እና «ማስከበር» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ጻፏቸው። ልዩነታቸው አንዲት «ስ» ናት። ማክበር እኔ ራሴ ሕጉን እንዳልጥስ ነው። ማስከበር ግን ሌላው፣ ባለሥልጣኑም ቢሆን፣ እንዳይጥሰው ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ስብሰባ ላይ «ሕዝቡ ሕግ ያክብር» ሲባል እንሰማለን። ትክክል ነው፤ ያክብር። «ሕዝቡ ሕግ ያስከብር» ሲባል ግን ስንቴ ሰምተናል? አንቀጽ 9 ላይ ግን ሁለቱም ግዴታዎች አሉ፤ እንዲያውም ቀድማ የተጻፈችው ማስከበር ናት።

ይህ ግዴታ በወላይታ ምድር ላይ እንዴት እንደተፈተነ እንይ። ይህን ታሪክ የማያውቅ የወላይታ ሰው ጥቂት ነው፤ ግን በጽሑፍ ሲነበብ ሌላ ነው።

ወ፣ ጋ፣ ጎ፣ ዳ። እነዚህን አራት ፊደላት አንድ ላይ አንብቡ። ወጋጎዳ። ይህ የሰው ስም አይደለም፤ የአገር ስምም አይደለም። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ ከሚሉት አራት ስሞች መጀመሪያውን ፊደል እየቆረጡ የገጠሙት ነው። በዚያን ጊዜ እነዚህ ሕዝቦች ሰሜን ኦሞ በሚባል አንድ ዞን ሥር ነበሩ። የዞኑ ከተማ አርባ ምንጭ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለሥልጣኖች አራቱን ቋንቋዎች አደባልቀው አንድ የትምህርት ቋንቋ ለመሥራት ተነሡ። መጽሐፍ አዘጋጁ፤ አሳተሙ። በ1992 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መጽሐፎቹ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጡ።

ለባለሥልጣኖቹ ያላቸውን እንስጣቸው፤ ምክንያት ነበራቸው። አራቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው። የወላይታ ሰው ጎፋ ወይም ዳውሮ ገበያ ሄዶ ብዙ አይቸገርም። ለአራት ቋንቋ አራት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ማሳተም ወጪ ይቀንሳል። መምህርም ከአንዱ ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል። አንድነትንም ያመጣል ተባለ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሒሳቡ የሚያስኬድ ይመስላል።

ግን ወንዝ ተሻግሮ ከዘመድ ጋር መግባባት አንድ ነገር ነው፤ የዘመድን ምላስ ቆርጦ ከራስ ምላስ ጋር መስፋት ሌላ ነው። እናት የማታወራውን፣ ገበያ ላይ የማይነገረውን፣ ለቅሶ ቤት የማይሰማውን ቋንቋ ልጁ «የአፍ መፍቻህ ነው» ተብሎ ሊማርበት ነው። ወላይትኛ ደግሞ ጽሑፍ የሌለው ቋንቋ አልነበረም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር። ያኔ በፊደል ይጻፍ ነበር፤ በኋላ በላቲን ሆነ። ብዙ አባትና እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን የጻፉት በዚያ ዘመቻ ነው። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ናቸው የልጆቻቸውን መጽሐፍ ገልጠው «ይህ የማን ቋንቋ ነው?» ብለው የጠየቁት።

ሕጉስ ምን ይላል? አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 39 ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በራሱ ቋንቋ የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት እንዳለው ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. ይህ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ገና አራት ዓመት አልፎት ነበር። ሕጉን የጣሱት ሕጉን አስተምረው ሥልጣን የያዙት ራሳቸው ናቸው። አዲስ ጠላት ከውጭ አልመጣም። ለዚህ ነው መሠረተ ሐሳብን መጠበቅ ከባድ የሚሆነው፤ የሚጥሰው ብዙ ጊዜ ስሙን እየጠራ ነውና።

በኅዳር 1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞው ገነፈለ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ከገጠር የመጣው ገበሬም ወጣ። መንግሥት ፖሊስ አሰማራ። ጥይት ተተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎች ታሰሩ። በተቃውሞው የተጠረጠሩ መምህራን ከቦታቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ተዛወሩ። ይህን ሁሉ ስንጽፍ እንደ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ አንድ የልጅ መጽሐፍ ሰው መሞት አልነበረበትም። የመጽሐፉ ጉዳይ በስብሰባ፣ በምክር ቤት፣ በወላጅና በመምህር ምክክር ሊያልቅ የሚችል ነበር። አስቀድሞ የተጠየቀ ሕዝብ ቢኖር ኖሮ ወጪውም ደሙም በቀረ።

መጨረሻው ምን ሆነ? መንግሥት መጽሐፎቹን ሰበሰበ። ልጆቹ ወደ ወላይትኛ ተመለሱ። ነገሩ በዚያ አላቆመም፤ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000፣ የሰሜን ኦሞ ዞን ራሱ ፈረሰ። ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ፤ ዳውሮም እንዲሁ፤ ጋሞና ጎፋ በአንድ ዞን ቀሩ። ወጋጎዳ የሚለውን ቃል ዛሬ ማንም ልጅ በትምህርት ቤት አይማረውም።

አንዳንድ ሰው ከዚህ ታሪክ «እንግዲያው መንግሥት ያዘዘውን ሁሉ እምቢ ማለት ነው» የሚል ትምህርት ይወስዳል። እኛ እንደዚያ አናስተምርም። መንግሥት ግብር ይጠይቃል፤ ሕግ አውጥቶ ደረሰኝ ሰጥቶ ከጠየቀ መክፈል ግዴታ ነው። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ከዚያ ነው የሚሠራው። ፍርድ ቤት መጥሪያ ከላከ መቅረብ ነው። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሊፈልግም ይችላል፤ ግን አንቀጽ 40 ገበሬን ከመሬቱ መነቀል እንዳይደርስበት ይጠብቀዋል፤ መንግሥት ንብረቱን ለሕዝብ ጥቅም ከወሰደም ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ይክፈል ይላል። ስለዚህ ነገሩ ትእዛዝ መኖሩ አይደለም፤ ትእዛዙ ከየት መጣ የሚለው ነው። ማን አዘዘ? በየትኛው ሕግ? ወረቀቱ የት አለ? እነዚህን መጠየቅ አመፅ አይደለም። ሕጋዊ ትእዛዝ የያዘ ሰው በጥያቄው አይቆጣም፤ ወረቀቱን አውጥቶ ያሳያል። የሚቆጣው ብዙውን ጊዜ ወረቀት የሌለው ነው።

የሰው መያዝም ቢሆን ሕግ አለው። አንቀጽ 19 እንደሚለው የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ይቀርባል። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ቤተሰቡ ጽፎ ይያዝ። ሰዓት ማንበብ የተማርነው ለዚህም ነው።

በክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። «እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፤ ነገ ትሄዳላችሁ። ካድሬው ግን እዚሁ ነው። ማዳበሪያውም በእሱ እጅ ነው። የተናገረ ሰው ኋላ ይጎዳል» ይሉናል። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እውነት ነው፤ እኛ እንሄዳለን። ብቻውን የተናገረ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ይህን መሸፈን አንፈልግም። ስለዚህም ነው አንቀጽ 30 ሰዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በሰላም፣ መሣሪያ ሳይዙ፣ የመሰብሰብ፣ ሰልፍ የመውጣትና አቤቱታ የማቅረብ መብት አላቸው የሚለው። «ከሌሎች ጋር» የምትለዋ ናት ዋናዋ። አንድ ሰው ሲጠይቅ «አንተ ጸረ ልማት ነህ» ይባላል። ባልና ሚስት፣ ጎረቤትና ጎረቤት፣ 40 አባወራና እማወራ በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ ግን ማንን ለይቶ ማዳበሪያ ይከለክላል? ሴቶች ይፈርሙ። በብዙ ቤት መሬቱ በሁለቱም ስም ተመዝግቧል፤ አቤቱታውም የሁለቱ ነው።

ሕጋዊ መንገድ ሁልጊዜ ያደርሳል ማለት ደግሞ አይደለም። ቅርብ ጊዜ የሆነውን ታውቃላችሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. የወላይታ ዞን ምክር ቤት ወላይታ ክልል ይሁን ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። አንቀጽ 47 እንዲህ ያለ ጥያቄ በጽሑፍ ከቀረበ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጅ ይላል። ዓመቱ አለቀ፤ ሕዝበ ውሳኔው አልተደረገም። ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የዞኑ መሪዎችና ሌሎች ሰዎች ሶዶ ላይ ተያዙ። ሕዝቡ ተቃወመ፤ በሶዶና በቦዲቲ ሰዎች በጥይት ተገደሉ። በኋላ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ጥያቄው ሌላ ነበር፤ ከሌሎች ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ጋር አንድ ክልል መሆን የሚል ነበር። በወላይታ የተሰጠውን ድምፅ ምርጫ ቦርድ በሕግ ጥሰት ምክንያት ሰርዞ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና አስደረገ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ሶዶም ከተማው ሆነች። በዚህ ውጤት ደስ ያለው አለ፤ ያላለውም አለ። ክልል ይሻላል ዞን ይሻላል የሚለውን እዚህ አንከራከርም። ግን ሕጉ አንድ ዓመት ካለ አንድ ዓመት ነው። ብድር የወሰደ ገበሬ ቀኑ ሲደርስ ይከፍላል እንጂ «የሚመቸኝ ጊዜ ይሁን» አይልም። መንግሥትም ቀን ተቆርጦለታል።

አንድ ነገር እንጨምር። የተበደለ ሰው ቁጣው መንገድ ሊስት ይችላል። ባለሥልጣን የበደለውን ጎረቤቱ ላይ ይወጣበታል፤ በቋንቋው ወይም በዘሩ። ይህ መብት ማስከበር አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ምንም ያላደረጉ ሰዎችን ቤትና ንብረት ሊያጠቁ ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ከእናንተ ብዙም የማይርቁ፣ የእናንተኑ ወግ የሚመስል ወግ ያላቸው ሽማግሌዎች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ቀበሌው መልስ ካልሰጠ ወረዳ አለ፤ ወረዳ ካልሰማ ዞን አለ፤ ፍርድ ቤት አለ። ከእነዚህ ውጭ ሁለት ተቋማት አሉ። አንዱ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲበድል አቤቱታ ይቀበላል። ሌላው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። የሁለቱም ማቋቋሚያ አዋጅ የወጣው በዚያው፣ ሶዶ ላይ ሰው በሞተበት፣ በ1992 ዓ.ም. ነው። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላሉ፤ ክፍያ አይጠይቁም። ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አላቸው። ሐዋሳ ከሃላሌ ሩቅ ነው፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ ይፈጃል። ለዚህም ቢሆን ገንዘብ አዋጥቶ ሁለት የታመነ ሰው መላክ ይሻላል።

አቤቱታ በቃል ሲሆን ይጠፋል። «አልሰማሁም» ለማለት ቀላል ነው። ስለዚህ እንጽፋለን። ረጅም አይሁን። ስድብ አይግባበት። የሆነውን፣ የሆነበትን ቀንና የምንጠይቀውን ብቻ። ለምሳሌ አንድ ቀበሌ ውስጥ ማዳበሪያ ለማግኘት አስቀድሞ መዋጮ ክፈሉ ተብሎ ደረሰኝ ግን አልተሰጠም እንበል። ማመልከቻው እንዲህ ይጻፋል፦

ቀን ______

ለ______ ወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ስለ መዋጮና ስለ ማዳበሪያ

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከታች የሚታየው የ______ ቀበሌ ነዋሪዎች ______ ቀን በተደረገው ስብሰባ እያንዳንዱ ቤተሰብ ______ ብር መዋጮ ካልከፈለ ማዳበሪያ እንደማያገኝ ተነግሮናል። የከፈልን ሰዎች ደረሰኝ አልተሰጠንም። መዋጮው በየትኛው ሕግ ወይም ውሳኔ እንደተጣለብን በጽሑፍ እንዲገለጽልን፣ ለከፈልነው ደረሰኝ እንዲሰጠን፣ የማዳበሪያው ሽያጭም ከመዋጮው ጋር እንዳይያያዝ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ስም ______ ፊርማ ______

ማመልከቻው የሚጀምረው በምን ቃል እንደሆነ አያችሁ? መጻፍ ያልለመደ በጣቱ ይፈርም፤ ያም ፊርማ ነው።

ሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ። በሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤቱ የተቀበለበትን ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ያድርግበት፤ ይህ ሳይደረግ ከበሩ አትመለሱ። «ነገ ኑ» ከተባላችሁ ያንንም ቀን ጻፉት፤ «ኑ» ያለውን ሰው ስምም ጻፉት። ማኅተም ያለበትን ቅጂ ጭስ በማይደርስበት፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ፣ ከመሬት ደብተሩ ጋር አስቀምጡ።

ልምምድ፦ ከላይ ያለውን ማመልከቻ በደብተራችሁ ላይ አንድ ጊዜ ገልብጡት። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታችሁ በራሳችሁ ጉዳይ ሌላ ጻፉ። በሚቀጥለው ትምህርት እርስ በርሳችሁ እየተለዋወጣችሁ ታነባላችሁ፤ ቀኑን መጻፍ የረሳ ካለ ጎረቤቱ ያሳየው።